የአባታችን የልብ ድካም ገፍቷል፤ ቤት ውስጥ እንዴት እናሳርፋቸው? (ባሕር ዳር)

የሽምብጥ_ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። አባታችን 76 ዓመታቸው ነው። የልብ ድካም አለባቸው፤ በመጨረሻው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የልባቸው የመርጨት አቅም 20 በመቶ ነው ተብሏል። ፉሮሴማይድ 40 ሚ.ግ. በቀን ሁለት ጊዜ፣ ስፓይሮኖላክቶን 25፣ ኢናላፕሪል 5 ሁለት ጊዜ፣ ካርቬዲሎል 6.25 ሁለት ጊዜ ይወስዳሉ። አሁን ከአልጋ ተነሥተው ሽንት ቤት እስኪደርሱ ያለከልካሉ። እግራቸው እስከ ጉልበት አብጧል፣ ሆዳቸውም ተነፍቷል። ሐኪማቸው «ከእንግዲህ ዋናው ነገር እንዳይሠቃዩ ማድረግ ነው» አሉን። መድኃኒቱ ይቆማል ማለት ነው? ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥራቸው ምን እናድርግ? ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ካልወሰድናቸው እያለ ነው። የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልኝ፤ ይረዝማል ብላችሁ አትተዉት።

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም

እህቴ፣ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ «ሐኪሙ ተስፋ ቆረጡ» ብሎ ይወስደዋል። በልብ ድካም ግን ማከምና ማሳረፍ አይነጣጠሉም። አባትሽን የሚያስጨንቃቸው በሳንባቸው፣ በሆዳቸውና በእግራቸው የተጠራቀመው ውኃ ነው፤ እሱን የሚያወጣው ደግሞ ፉሮሴማይድ ነው። ስለዚህ ፉሮሴማይድ መዋጥ እስኪያቅታቸው ድረስ ይቀጥላል፤ መዋጥ ሲያቅታቸውም በመርፌ ሊሰጥ ይችላል። ሊቀነሱ የሚችሉት ሌሎቹ ናቸው። የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር ከ90 በታች ወርዶ ሲነሡ የሚያዞራቸው ከሆነ የኢናላፕሪልና የካርቬዲሎል መጠን ይወርዳል። ካርቬዲሎል በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እያለ እንጂ በድንገት አይቆምም፤ ልብ በድንገት ሊሮጥ ይችላልና። ስፓይሮኖላክቶን ፖታሲየም ከ5.5 ካለፈ ይቀነሳል ወይም ይቆማል። የኮሌስትሮል ክኒንና የቫይታሚን ኪኒኖች ካሉ በዚህ ደረጃ ጥቅማቸው ትንሽ ነው፤ የሚውጡትን ክኒን ብዛት መቀነስም ራሱ ማሳረፍ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይጣራ። «ገፍቷል» ከተባሉት መካከል የተባባሰበት ምክንያት ሊታከም የሚችል ሰው አለ። በሚቀጥለው ቀጠሮ እነዚህን ጠይቂ፦ የደም ማነስና የብረት እጥረት ታይቷል? ታይሮይድስ? ምታቸው ተዘበራርቆ በደቂቃ ከ110 በላይ እየሮጠ ነው? የሳንባ ኢንፌክሽን አለ? ለጉልበት ወይም ለወገብ ማስታገሻ ይወስዳሉ? መድኃኒቱ ወር ሳይሞላ አልቆ የሚዘለልበት ሳምንት አለ? የመጨረሻው በጣም የተለመደ ነው፤ ጠይቆ የሚያጣራው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሆዳቸው መነፋቱ ሌላም ነገር ይነግረናል። አንጀታቸውም አብጧል ማለት ነው፤ ያበጠ አንጀት ደግሞ ክኒን በደንብ አይመጥም። ክኒኑ ተውጦ ሽንት የማይመጣው ለዚህ ነው። ፉሮሴማይድ የሚሠራው በደም ውስጥ አንድ የተወሰነ መጠን ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ በቀን አራት ጊዜ ቢሰጥም ውኃ አያወጣም። ስለዚህ ሐኪማቸው የአንዱን ጊዜ መጠን ወደ 80 ከፍ ሊያደርጉት ወይም ለጥቂት ቀናት በደም ሥር ሊሰጡ ይችላሉ። በደም ሥር ተሰጥቶ ውኃው ሲቀንስ፣ አልሠራ ያለው ክኒን ራሱ መልሶ መሥራት ሊጀምር ይችላል። መጠኑ ሲጨመር ግን ፖታሲየም፣ ሶዲየምና ክሬአቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የደም ምርመራ) በሳምንት ውስጥ ይመርመር።

ለወንድምሽ፦ አዲስ አበባ መሄድ የሚጠቅመው አንድ የተወሰነ ጥያቄ ይዞ ሲኬድ ነው። የተበላሸ ቫልቭ አለ? የልብ ምት ማስተካከያ (ፔስሜከር) የሚያስፈልገው የምት መዘግየት አለ? የተዘጋ የልብ ደም ሥር አለ? ካለ ሪፈር ይጻፍ። የልብ ንቅለ ተከላ በአገራችን አይሰጥም። ያለ ጥያቄ «የተሻለ ነገር ይኖር ይሆናል» ተብሎ ከሆነ፣ መንገዱ የሚወስድባቸው አቅም ከሚያገኙት ይበልጣል። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ክትትል ካላቸው የኢኮውን ወረቀት ለሚከታተላቸው ሐኪም አሳይታችሁ ይህንኑ ጠይቁ።

ሲስተር_አባይ_ማዶ

ዶክተር በመድኃኒቱ በኩል ጨርሰዋል፤ እኔ የቤቱን ልጻፍ።

ሚዛን። በየቀኑ ጠዋት ሽንት ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ ተመሳሳይ ልብስ ለብሰው ይመዘኑ። ሚዛኑ ሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ፤ ምንጣፍ ወይም ሰሌን ላይ የተቀመጠ ሚዛን ይዋሻል። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ውኃ ነው፤ እግሩ እስኪያብጥ ሳይጠበቅ ይደወል። መቆም ካቃታቸው በልብስ ሰፊ ሜትር በእምብርት ዙሪያ ለኩ፤ ሁልጊዜ በጀርባ በተጋደሙበት አንድ ቦታ ላይ፣ ቁጥሩን ከቀኑ ጋር እየጻፋችሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሥጋቸው እየከሳ ውኃው እየጨመረ ሚዛኑ ባለበት ሊቆም ይችላል። ሚዛን አልጨመረም ብላችሁ እግሩንና ሆዱን ማየት አታቁሙ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የባሕር ዳር ሙቀት ብዙ ያልባል፤ ያኔ ክብደት በፍጥነት ወርዶ አፋቸው ከደረቀና ካዞራቸው ፉሮሴማይዱ በዝቷል ማለት ስለሚሆን ለሐኪም ይነገር።

ሰዓት። ፉሮሴማይድ ከተዋጠ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ይጀምራል፣ ወደ 6 ሰዓት ይቆያል። የመጀመሪያው ጠዋት 1 ሰዓት በባዶ ሆድ፣ ሁለተኛው ከቀኑ 8 ሰዓት ይሁን። ከ10 ሰዓት በኋላ የተዋጠ ክኒን ሌሊቱን ሙሉ ያስነሣቸዋል፤ በጨለማ ለሽንት ሲነሡ መውደቅ ደግሞ ዳሌ ይሰብራል። ፖፖ ወይም ቀዳዳ ያለው ወንበር አልጋው አጠገብ ይቀመጥ። በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ የፕሮስቴት ዕጢ እብጠት ሊኖርበት ይችላል፤ መድኃኒቱ ተወስዶ ሽንት ካልመጣና ከእምብርት በታች ጠጥሮ ካመማቸው ውኃው ተመርቷል ግን መውጫ አጥቷል። ያኔ ሌላ ክኒን አትጨምሩ፤ ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) ነው የሚያስፈልገው።

አልጋ። ትራስ መደራረብ ብቻውን አንገት አጥፎ ሆድን ይጨቁናል። ከራስጌው እግሮች ሥር ብሎኬት አስገቡና አልጋውን ራሱን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ መንቀጥቀጡን ፈትኑ። መደብ ላይ የሚተኙ ከሆነ የተጠቀለለ ጋቢ ከወገብ እስከ ትከሻ ድረስ እንደ ተዳፋት ይደርደር፤ ወገብ ባዶ አይሁን። አንዳንድ ሌሊት ተቀምጠው፣ ጠረጴዛ ላይ ትራስ አድርገው ተደፍተው ማደር ይቀላቸዋል፤ አትከልክሏቸው።

ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥር። አስቀምጧቸው፣ እግራቸው ከአልጋ ወርዶ መሬት ይንካ። እግሩ ስላበጠ ከፍ አድርጉለት የሚል ሰው አይጠፋም፤ ትንፋሽ ባጠረበት ሰዓት ያ ውኃውን ወደ ደረት መመለስ ነው። መስኮት ይከፈት። ማራገቢያ ካለ በጉንጭና በአፍንጫቸው ላይ ይንፈስ፤ ከሌለ በሰፌድ አንድ ሰው በቀስታ ያራግብላቸው። የፊት ቆዳ ላይ የሚነፍስ አየር የትንፋሽ ማጠር ስሜትን በእውነት ይቀንሳል። አብራችሁ በከንፈር ጫፍ ረዥም እያወጡ እንዲተነፍሱ በድምፅ ምሯቸው፤ ቤቱ ሁሉ ሲጯጯህ ግን ይባስባቸዋል። ተጨማሪ ፉሮሴማይድ ስንት ክኒን እንደሚሰጥ አስቀድሞ በሐኪም እጅ ጽሑፍ ይያዝና ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በግማሽ ሰዓት ካልቀለላቸው፣ ወይም ሮዝ አረፋ ካስሏቸው፣ ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ ያኔ ሁለተኛው ውሳኔ ይመጣል፦ ሆስፒታል እንሂድ ወይስ እዚሁ እናሳርፋቸው? ይህን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ባጃጅ እየፈለጋችሁ አትወስኑ፤ እሳቸው ደህና ባሉበት ቀን፣ እሳቸውን ጠይቃችሁ ወስኑ።

ቆዳ። ያበጠ እግር በቀላሉ ይሰነጠቃል። ጠዋትና ማታ በቫዝሊን ይታሽ። ውኃ ማንጠባጠብ ከጀመረ ንጹሕ ጨርቅ ላላ ብሎ ይጠቅለል፣ በረጠበ ቁጥር ይቀየር፤ በፋሻ አጥብቃችሁ አትሰሩት። ተረከዝና ታፋ እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ የተኙበት ጎን ይለወጥ። ከጥጃ እግራቸው ሥር ትራስ ገብቶ ተረከዝ በአየር ላይ ይንሳፈፍ።

የሽምብጥ_ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ጎረቤት ዲክሎፌናክ ይሰጣቸዋል። ሐኪሙ ደግሞ ለትንፋሽ ሞርፊን ሊጻፍ ይችላል ብለው ነበር፤ እኛ ሱስ ያስይዛል፣ ትንፋሽም ያቆማል ብለን ፈራን።

ፋርማሲስት_ጣና_ዳር

ዲክሎፌናኩን ዛሬ አቁሙት፤ ክኒኑንም መርፌውንም። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን ሦስቱም ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ ፉሮሴማይዱን ያዳክማሉ፤ ከኢናላፕሪል ጋር ሲሆኑ ኩላሊትን በአንድ ሳምንት ሊጥሉ ይችላሉ። የአባትሽን ሕመም ያባባሰው ይህ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪማቸው ንገሪ። ለጉልበት ፓራሲታሞል 500 ሚ.ግ. ሁለት፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ሳያልፍ። ጉበታቸው ካበጠ ወይም በጣም ከከሱ በቀን 2 ግራም ይበቃቸዋል። በውኃ የሚሟሟውን፣ አረፋ የሚያወጣውን ዓይነት አትግዙ፤ አንዱ ፍሬ ብቻ ብዙ ሶዲየም አለው። ፉሮሴማይድ ዩሪክ አሲድ ስለሚያስጨምር የእግር አውራ ጣት በድንገት ቀልቶ ካበጠ ሪህ ነው፤ ለእሱም ሌላ መድኃኒት አለ፣ ዲክሎፌናክ አይደለም።

የጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጠውንም ተዉት። ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ ስፓይሮኖላክቶንና ኢናላፕሪል ከሚወስድ ሰው ጋር ሲገናኝ ልብ እስከማቆም ይደርሳል።

ስለ ሞርፊን። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን በዓለም ጤና ድርጅት የአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ለትንፋሽ የሚሰጠው መጠን ለሕመም ከሚሰጠው ያነሰ ነው፤ ለአረጋዊ ብዙውን ጊዜ በ2.5 ሚ.ግ. ይጀመራል፣ በሐኪሙ ትእዛዝ በየ4 ወይም በየ6 ሰዓቱ። በዚህ መጠን ተጀምሮ ቀስ ተብሎ ከተጨመረ ትንፋሽ አያቆምም። ኩላሊታቸው ከደከመ ግን በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ክሬአቲኒናቸው ለሐኪሙ ይነገር፣ ሰዓቱም ይራራቅ። ሱስ በዚህ ደረጃና በዚህ መጠን ሥጋት አይደለም።

ስህተት የሚፈጠረው ልኬቱ ላይ ነው። ሽሮፑ በተለያየ ጥንካሬ ይዘጋጃል። ጠርሙሱ ላይ በ5 ሚሊ ሊትር 10 ሚ.ግ. ከተጻፈ፣ 2.5 ሚ.ግ. ማለት 1.25 ሚሊ ሊትር ነው። በሻይ ማንኪያ ከሰጣችሁ 5 ሚሊ ሊትር ሆኖ አራት እጥፍ ይሄዳል። መርፌ በሌለው 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለኩ፤ ሲሪንጁ ላይ ትክክለኛው መስመር ድረስ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት፣ ሌሊት የሚሰጠው ሰው እንዳይሳሳት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሆድ ማለስለሻ አብሮ ይጻፍ፤ ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፣ ማማጥ ደግሞ የደከመ ልብን ያስጨንቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ያመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ተቀስቅሰው የማይነቁ ከሆነ፣ ትንፋሻቸው በደቂቃ ከ8 ካነሰ ቀጣዩን አትስጡ፣ ደውሉ። ማዘዣው ልዩ ወረቀት ላይ ስለሚጻፍ ከማለቁ 5 ቀን ቀደም ብላችሁ ሂዱ።

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም

ፋርማሲስቱ በጻፉት እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ሞርፊን ለረጅም ጊዜ የትንፋሽ ማጠር ይጠቅማል የሚለው ማስረጃ ድብልቅ ነው፤ ያልጠቀመባቸው ጥናቶች አሉ። ስለዚህ እንደ መጀመሪያ መፍትሔ አልጽፈውም። መጀመሪያ ውኃው ይውጣ፣ ማራገቢያው፣ አቀማመጡ፣ ከዚያ በትንሹ ይሞከር፤ በሳምንት ካልቀለላቸው ይቁም። በመጨረሻዎቹ ቀናት፣ አርፈው ባሉበት የሚያፍናቸው ከሆነ ግን ሳልጠራጠር እጽፈዋለሁ።

የሽምብጥ_ልጅ

ምግቡስ? ጨው ጨርሰን ስናቆም ምግብ አልበላ አሉ። ውኃም ይጠማቸዋል።

የምግብ_ባለሙያ

ጨው ጨርሶ መከልከል ለዚህ ሰው ይጎዳል። በ2022 በላንሴት መጽሔት የታተመ፣ በ6 አገሮች 806 የልብ ድካም ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ሶዲየምን በቀን ከ1,500 ሚ.ግ. በታች ማውረድ ሆስፒታል መግባትንም ሞትንም እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ ግቡ ልከኛ ይሁን፦ በቀን በድምሩ ከ5 ግራም ጨው በታች፣ ይህም ልሙጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፣ ዳቦውንና በርበሬውን ጨምሮ።

የኛ ቤት ጨው የሚደበቅባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው። በርበሬና ሚጥሚጣ ሲዘጋጁ ጨው ይጨመርባቸዋል፤ ወጡን ያለ ጨው ሠራሁ ያለችው ልጅ በርበሬው ውስጥ ያለውን አልቆጠረችም። ለአባትሽ የሚሆን በርበሬ ያለ ጨው ለብቻ ይዘጋጅ። ሽሮም እንዲሁ፤ ከመፈጨቱ በፊት ጨው የገባበት ሽሮ ብዙ ነው። አዋዜ፣ ቋንጣ፣ የዳቦ ቤት ዳቦ፣ በገጠር ቡና ላይ የሚጨመረው ጨው፣ በመጠየቂያ የሚመጣ የሰው ቤት ወጥ። ትኩስ የጣና ዓሣ ግን ጥሩ ፕሮቲን ነው፤ አምባዛም ሆነ ሌላው በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በበሶብላ ተቀቅሎ ጨው ሳያስፈልገው ይጥማል። የደረቀውንና በጨው የተዘጋጀውን ተዉት።

ሆዱ የተነፋ ሰው ሁለት ጉርሻ በልቶ ይጠግባል። ትሪ ሙሉ አቅርቦ «ብሉ እንጂ» ማለት ያስጨንቃል። በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ፣ በትንሽ ሰሐን፤ እንቁላል፣ ገንፎ ላይ ትንሽ ያልጨወ ቅቤ፣ እርጎ፣ ሙዝ። ፖታሲየማቸው ከፍ ካለ ሙዝና አቮካዶ ይቀነሱ፤ ይህን የሚወስነው የደም ምርመራው ነው። ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ይረፉ፣ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት አይጋደሙ።

ፈሳሽ። ብዙ ሐኪሞች በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ያዝዛሉ። ለመቁጠር ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ በየጠዋቱ 1.5 ሊትር ሃይላንድ ሙሉ ውኃ ይቀመጥ። ሻይ ሲጠጡ፣ አጥሚት ሲጠጡ፣ ተልባ ሲጠጡ ያንኑ ያህል ከሃይላንዱ ይደፋ። ማታ ሃይላንዱ ውስጥ የቀረው የሚጠጡት ነው። አንድ ኩባያ አጥሚት 250 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ጠያቂ ሁሉ አጥሚት ይዞ በመጣ ቁጥር አንድ ሊትር ሳይታወቅ ይገባል። ጥማቱን በሎሚ ቁራጭ መምጠጥ፣ አፍን በቀዝቃዛ ውኃ ጉመጥመጥ አድርጎ መትፋት፣ ከንፈርን ማርጠብ ይቀንሰዋል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን ቁጥሩን ልቀቁት፤ ሰው በጥም እያለቀ የሚቆጥብበት ጊዜ አይደለም።

ዲያቆን_ዘ_ጣና

ስለ ጠበል ማንም አላነሣም፤ በእኛ አካባቢ ግን ዋናው ነው። ሲጾሙና ጠበል ሲጠጡ ክኒን የሚተዉ አሉ። ሁለቱ አይጣሉም፤ ክኒን ዋጥ አድርጎ ጠበል መጠጣት ይቻላል። መጠኑ ግን ይታይ። በጠበል ቦታ ሁለት ሦስት ሊትር ጠጥቶ ማስታወክ የተለመደ ነው፤ የልብ ድካም ያለበት ሰው ሁለት ሊትር በአንድ ጊዜ ቢጠጣ ሌሊቱን ሳንባው ይሞላል። አንድ ሲኒ ይቅመሱ፣ ከሃይላንዱ ይቀነስ፣ ቀሪው በላያቸው ይረጭ። በቀዝቃዛ ውኃ መጠመቅም ደም ሥርን አጥብቆ ልብን ያስጨንቃል፤ ይልቁንም ፊታቸውና እጃቸው ይረስርስ። የጠበል ቦታው አገልጋይ ሲነገረው ይቀበላል፤ ሁሉም ሰው ጠበሉ ውስጥ መግባት የለበትም።

ጾምን በተመለከተ ሕሙም ከጾም እንዲያርፍ የሚፈቅዱለት የንስሐ አባቱ ናቸው። ልጅ «አትጹሙ» ብትል አይሰሙም፤ የንስሐ አባታቸውን ቤት ድረስ አምጥታችሁ በእሳቸው አፍ ይነገራቸው። ቀንዲልና ቅዱስ ቁርባን የሚፈልጉ ከሆነም ደክመው ራሳቸውን ከመሳታቸው በፊት ይሁን፤ ቁርባን የሚቀበሉበት ቀን ክኒናቸውን በስንት ሰዓት እንደሚወስዱ አስቀድመው ከአባታቸው ጋር ይነጋገሩ። ጧፍና ዕጣን ከአልጋው ራቅ ይበሉ፤ ጭስ ትንፋሽ ላጠረው ይከብደዋል። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ ቡና ማፍላትም እንዲሁ፤ የከሰል ጋዝ ደግሞ ጤነኛውንም ይገድላል።

የሽምብጥ_ልጅ

አሜን። አሁን ኦክስጅን ማሽኑ ብቻ ቀረኝ። ወንድሞቼ ገንዘብ አሰባስበዋል።

የሕክምና_መሣሪያ_ጥገና

ከመግዛታችሁ በፊት በጣት የሚለካውን ኦክስጅን መለኪያ ተጠቀሙ። አርፈው ተቀምጠው፣ ጣታቸው ሞቆ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ አንብቡ፤ ቀዝቃዛ ጣት ቁጥሩን ያሳስታል። ደጋግሞ ከ90 በታች ካሳየ ኦክስጅን ይረዳል። ከ90 በላይ ሆኖ ትንፋሽ ካጠራቸው ኦክስጅን ከማራገቢያ አይበልጥም፤ ገንዘቡ ለሌላ ይዋል።

ካስፈለገ፣ በደቂቃ 5 ሊትር የሚሰጥ ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚለይ ማሽን) ወደ 350 ዋት ይበላል። መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ስለዚህ ሲሊንደር ለመጠባበቂያ የግድ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 40 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ጋዝ ይይዛል፤ በደቂቃ 2 ሊትር ከተከፈተ 50 ሰዓት ይቆያል። ጌጁ 75 ሲያሳይ ግማሹ ቀርቷል። ሲሊንደሩ በሰንሰለት ከግድግዳ ይታሰር፤ ወድቆ አንገቱ ከተሰበረ በኃይል ይወረወራል። ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ማሽኑን ያቃጥለዋልና ስታቢላይዘር ይኑር። የኋላ ስፖንጅ ፊልተሩ በየሳምንቱ ይታጠብ፣ ደርቆ ይመለስ። የእርጥበት ጠርሙሱ ውስጥ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በየቀኑ ይቀየር። ኦክስጅን በተከፈተበት ክፍል ጧፍ፣ ክብሪት፣ ምድጃ ከ3 ሜትር በላይ ይራቅ፤ ቅባትና ቫዝሊን ከአፍንጫ ቱቦው አጠገብ አይቀባ።

የሽምብጥ_ልጅ

ለካን፤ 93 ነው። ማሽኑን ተውነው። አንድ ከባድ ነገር ቀረኝ፤ እሳቸው ሕመሙ እንዲህ መሆኑን አልነገርናቸውም። ዘመድ ሁሉ መርዶ አታርዷቸው ይላል።

ሲስተር_አባይ_ማዶ

ሕመምተኛው አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል፤ የሚጨነቀው ብቻውን በማወቁ ነው። እናንተ አትንገሯቸው፤ ጠይቋቸው። ሐኪሙ ወይም ነርሷ እንዲህ ትበል፦ «አባባ፣ ስለ ሕመምዎ ሁሉንም ማወቅ ይፈልጋሉ ወይስ ለልጆችዎ ልንገር?» ማወቅ አልፈልግም ካሉ ይከበር። ማወቅ ከፈለጉ ቀጥሎ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ትንፋሽ በጣም ሲያጥርዎ ሆስፒታል ይፈልጋሉ ወይስ ቤትዎ? ማን አጠገብዎ ይሁን? ኑዛዜ ማድረግ ከፈለጉም ጊዜው ይህ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግልጽ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል፣ አእምሯቸው ደህና ሳለ።

ጠያቂ ይወሰን። ሃያ ሰው በአንድ ክፍል ገብቶ ሲያወራ ይደክማቸዋል፤ በር ላይ አንድ የቤተሰብ ሰው ተቀምጦ ሁለት ሁለት እያደረገ ለአሥር ደቂቃ ያስገባ። የመጣው ሰው አይከፋም፤ «ሐኪሙ አዘዙ» በሉት።

የመጨረሻዎቹን ቀናት ምልክት እወቁ፤ ሳታውቁ ስትቀሩ ነው ድንጋጤው። ብዙ ይተኛሉ፤ ምግብ አይጠይቁም፤ ሽንት ይቀንሳል፤ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ጉልበት ላይ ቆዳው ይዥጎረጎራል። ትንፋሻቸው ፈጥኖ፣ ቀስ ብሎ፣ ለሰከንዶች ቆሞ ይመለሳል፤ ይህ የደከመ ልብ ትንፋሽ ነው፣ እሳቸውን አያፍናቸውም። ያኔ ምግብና ውኃ በግድ አይስጣቸው፤ ወደ ሳንባ ይገባል። አፋቸውን በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ በየሰዓቱ አርጥቡ። ጉሮሮ ውስጥ ንፍጥ ካጓራ በጎናቸው አስተኟቸው፤ እጅ አስገብታችሁ አትጥረጉ። መዋጥ ካቃታቸው የደም ግፊት ክኒኖቹ ይቆማሉ፤ ፉሮሴማይድና ሞርፊን በመርፌ ከቆዳ ሥር ሊሰጡ ስለሚችሉ ቤት የሚመጣ ነርስ ከአሁኑ አፈላልጉ። መቁነጥነጥና መባዘን ከመጣ ፊኛቸው ሞልቶ እንደሆነ መጀመሪያ ዳሱ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያ ነው።

የሽምብጥ_ልጅ

ሐኪሙ ጠየቋቸው። ሆስፒታል አልፈልግም አሉ። ለወንድሜም ራሳቸው ነገሩት። አሁን ደግሞ እኅታቸው ዘንድ ዘጌ ሦስት ቀን ልሂድ እያሉ ነው። ይቻላል?

ሲስተር_አባይ_ማዶ

ውኃው ቀንሶ፣ ተቀምጠው ያለ ጭንቀት የሚተነፍሱ ከሆነ ይሂዱ፤ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምንደክመው። በመኪና ከሆነ በማንኛውም ሰዓት፤ በጀልባ ከሆነ ግን ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ተነሡ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉ ያንገላታል። የጠዋቱን ፉሮሴማይድ አትዝለሉት፤ ዘጌ እስኪደርሱ አቆዩትና እንደ ደረሱ ይውጡ፤ የሽንት ዕቃ ግን ይያዝ። ጀልባው ላይ መደገፊያ ባለው ወንበር፣ ወደ ኋላ በኩል ተቀምጠው፣ የነፍስ ማዳኛ ጃኬት ለብሰው፣ ጋቢ ደርበው። ከማረፊያው እስከ ቤት ያለው መንገድ ዳገት ካለው በእግራቸው አይሞክሩት፤ ወንበር ወይም ቃሬዛ ይዘው የሚጠብቁ አራት ጎረምሶች አስቀድሞ ይነገራቸው። ለእኅታቸው ስለ ጨውና ስለ በርበሬው ዛሬውኑ ደውሉ፤ ከደረሱ በኋላ ማዕድ ከቀረበ ማንም አይከለክልም። የሦስት ሳይሆን የሰባት ቀን መድኃኒት ያዙ፤ እዚያው ልቆይ ሊሉ ይችላሉ። የሐኪሙ የትእዛዝ ወረቀት ፎቶ ስልክ ላይ ይቀመጥ፣ የዘጌ ጤና ጣቢያ ነርስም መምጣታቸውን ይወቅ። ሞርፊኑና ሲሪንጁ በአንቺ ቦርሳ ይሁኑ እንጂ ከሻንጣው ጋር አይጫኑ።